ምድጃችንና እንጦጦ



በዛሬው ዓምዳችን ስለ ምድጃ እናወጋለን። «ስለ ምድጃ ደግሞ ምን የሚወራ አለ?» የምትሉን አትጠፉም። ሆኖም የወር ደመወዝ ተቀብላችሁ ለቤት ኪራይ፣ ለጤፍ፣ ለዘይትና ለልጆች ትምህርት ቤት ስትመድቡ፣ ሳይመደብለት ብን ብሎ የሚጠፋ ገንዘብ ቢኖር ለማገዶ፣ ለከሰልና ለመብራት የሚወጣው መሆኑን ከእናንተ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ጤፍ ይመዘናል፣ ዘይት በሊትር ይታወቃል። ማገዶ ግን ዛሬ ትንሽ፣ ነገም ትንሽ እየተባለ ሳይታሰብ ያልቃል።

ከዚህ ሌላ በኪሳችን የማይታይ ወጪም አለ። ከአራዳ ጊዮርጊስ ደጃፍ ቆማችሁ ወደ ሰሜን ቀና ብትሉ የምትመለከቱት እንጦጦ ከእያንዳንዳችን ምድጃ ጋር ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ሒሳብ አለው። ተራራው ሰጥቶናል፣ እኛም ወስደናል። ሒሳቡ ሲተሳሰብ ግን ዕዳውን ሲከፍል የኖረው ማን እንደሆነ ብዙ ጊዜ አንጠይቅም።

ታሪኩ ረጅም ነው፤ ዋና ዋናውን ብቻ እናንሳ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃ አካባቢ አውርደው በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስትቆረቆር ማገዶ የሚቆረጠው ከአገሬው ዛፍ፣ ከጽድና ከወይራ ነበር። ከተማዋ እየሰፋች ስትሄድ ቤቱ የሚሠራው በእንጨት፣ አጥሩ የሚታጠረው በእንጨት፣ እንጀራው የሚጋገረው በእንጨት ሆነና ዐሥራ አምስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ የማገዶ ነገር አሳሳቢ ሆነ። በዚያ ዘመን እንጨት ላለቀበት ከተማ የነበረው መፍትሔ ጓዝን ጠቅልሎ ወደ ሌላ ሥፍራ መሄድ ነበር። በ1893 ዓ.ም. ገደማም ከከተማዋ በስተምዕራብ በምትገኘው በአዲስ ዓለም አዲስ ቤተ መንግሥት መሠራት ጀምሮ ነበር። ሳይዛወሩ መቅረታቸው ታወቀና ያ ቤተ መንግሥት ዛሬ የምናውቀው የአዲስ ዓለም ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ለመቅረታቸው አንዱ ትልቅ ምክንያት ባሕር ዛፍ ነው። የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ የሆነው ይህ ዛፍ በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ ወደ አገራችን ገባ፤ ያስመጣው የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ የነበረው ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ ነው እየተባለ በሰፊው ይነገራል። ዛፉ ቶሎ ያድጋል፣ ሲቆረጥም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የባላባቱ ይዞታም፣ የእንጦጦ ገደልም በባሕር ዛፍ ተሸፈነ። ዋና ከተማችን ከቦታዋ እንዳትነሣ ካደረጓት ነገሮች አንዱ የእናቶቻችን ምድጃ የሚበላው እንጨት መገኘቱ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ባሕር ዛፍን የሚወቅሱት ሰዎች ውሃ ይጠጣል፣ ከሥሩ ሣር አያበቅልም ይላሉ። ልክ ናቸው። ነገር ግን ወቀሳው በደረቅ እንጨት እንጀራ ጋግሮ ከማያውቅ ሰው ሲመጣ እኔ በበኩሌ ጥቂት ይከብደኛል። ጽድና ወይራ ለመድረስ የሰው ዕድሜ የሚጠይቁ ዛፎች ናቸው፤ የተራበ ልጅ ያላት እናት የምትጠብቀው ግን የእራት ሰዓትን ነው። ባሕር ዛፍ ይህን ክፍተት ሞላ። ጥፋቱ የመጣው ዛፉ ላይ የተጫነው ሸክም ከአቅሙ በላይ ሲሆን ነው።

ሸክም ካልን ዘንድ ሸክሙን የተሸከሙትን ማንሳት ግድ ነው።

ከእንጦጦ ቁልቁል በሽሮ ሜዳ አድርጎ ወደ ስድስት ኪሎ፣ ከዚያም በአፍንጮ በር ወደ ራስ መኰንን ድልድይና ወደ ፒያሳ የሚወርደውን መንገድ የማያውቅ የአራዳ ሰው የለም። ጎህ ሳይቀድ ከቤታቸው ወጥተው፣ ጭራሮና ቅጠል ለቅመው፣ ከወገባቸው በላይ በገመድ አስረው፣ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው ያን መንገድ የሚወርዱትን ሴቶችም እንዲሁ ሁላችንም አይተናቸዋል። ስንቶቻችን ነን ፊታቸውን ያየነው? ጭነቱ ስለሚጋርዳቸው ከኋላ የሚታየው እንጨቱ ብቻ ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ጥናት ሲደረግላቸው ይህን ሥራ መተዳደሪያቸው ያደረጉ በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች እንደነበሩ፣ አንዲት ሴት የምትሸከመውም ከ30 ኪሎ በላይ እንደሆነ ታውቋል። ከጀርባቸው ልጅ አውርደው እንጨት የሚጭኑ፣ ነፍሰ ጡር ሆነው ያንኑ ዳገት የሚወጡ ነበሩ። ብዙዎቹ ኑሮ ከገጠር ያፈናቀላቸው፣ ወይም ባል የሞተባቸውና የፈቱ፣ ቤታቸውን ብቻቸውን የሚያስተዳድሩ ናቸው።

በ1967 ዓ.ም. በወጣው የመሬት አዋጅ በከተማው ዙሪያ ያለው ባሕር ዛፍ ከባለቤቶቹ እጅ ወጥቶ የመንግሥት ሆነ። ከዚያ ወዲህ ከደኑ የሚለቅም ሁሉ በሕግ ፊት ጥፋተኛ ተደርጎ ይቆጠር ጀመር። የደን ጠባቂ ሲይዛቸው እንጨታቸውን ይቀማሉ፣ ገመዳቸው ይቆረጣል፤ ከዚያም የከፋ፣ በዚህ ገጽ ለመጻፍ የሚከብድ በደል የደረሰባቸው እንዳሉ በጥናቶቹ ተመዝግቧል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሴትዮዋ የተሸከመችው እንጨት ለራሷ ምድጃ አልነበረም። እንጨቱ ወደ ሰራተኛ ሰፈር፣ ወደ ዶሮ ማነቂያ፣ ወደ እሪ በከንቱ ማድ ቤቶች ይገባ ነበር፤ በዚያም እንጀራ ይጋገርበት፣ ጠላ ይጠመቅበት ነበር። ገዢዋ ጥፋተኛ አልተባለችም፣ መባልም አልነበረባትም፤ ሌላ ምን አማራጭ ነበራትና? ተይዛ ገመዷ የሚቆረጥባት ግን ከሁሉም የደኸየችው ነበረች።

ቅጠል መጥረግ ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። ዛፉ ሳይቆረጥ የወደቀውን ብቻ ማንሳት ምን ይጎዳል ትሉ ይሆናል። የወደቀው ቅጠል ግን የአፈሩ ልብስ ነው። በየቀኑ እየተጠረገ ሲወሰድ የክረምቱ ዶፍ በራቁት ተዳፋት ላይ ይወርዳል፤ ውሃው ወደ መሬት ከመስረግ ይልቅ አፈሩን ይዞ ወደ ቀጨኔ፣ ወደ ግንፍሌና ወደ ቀበና ወንዞች ይገባል። እነዚህ ወንዞች ደግሞ ወደ አቃቂ ይፈስሳሉ። ከአቃቂ በታች የአባ ሳሙኤል ግድብ አለ፤ በ1930ዎቹ ዓ.ም. ለከተማችን መብራት ይሰጥ የጀመረ ግድብ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሥራውን አቁሞ፣ ሐይቁም በደለልና በእምቦጭ ተጨናንቆ ከኖረ በኋላ የኃይል ጣቢያው ታድሶ እንደገና ሥራ የጀመረው በ2009 ዓ.ም. ነው። ደለሉ ሁሉ ከእንጦጦ መጣ አንልም፤ ከእርሻውም ከከተማውም የሚታጠብ አለ። ሆኖም በምድጃችን የነደደው ቅጠል አፈሩን ራቁቱን አስቀርቶ፣ አፈሩ ደግሞ መብራት የሚሰጠንን ውሃ ሲያደፈርስ ማየት የሒሳቡን ዙር ያሳያል።

ታዲያ ምን ተደረገ? ጥቂት አልተደረገም። በ1980ዎቹ ዓ.ም. እንጨት ተሸካሚ የነበሩ ሴቶች በማኅበር ተደራጅተው ሽመናና ስፌት ጀመሩ፤ የሠሩት ሻርፕና ነጠላም ገዢ አገኘ። በዚያው ዘመን የአገራችን የኢነርጂ ባለሙያዎች «ምርጥ» የተባለውን የእንጀራ ምድጃና «ላቀች» የተባለውን የከሰል ማንደጃ ሠርተው አወጡ። በሦስት ጉልቻ ላይ በሚነድ እንጨት እንጀራ ስንጋግር ከእሳቱ ሙቀት ለእንጀራው የሚደርሰው ከአንድ ዐሥረኛው ያነሰ ነው፤ የቀረው ግድግዳውን፣ ዓይናችንንና ሳንባችንን ያሞቃል። ምርጥ ምድጃ ዙሪያውን የተዘጋ በመሆኑ እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቆጥባል። ላቀች ደግሞ ከተለመደው የቆርቆሮ ማንደጃ ጋር ሲነጻጸር ከከሰሉ ሩብ ያህሉን ያስቀራል። እነዚህ ምድጃዎች በወጡበት ዘመን የሚገባቸውን ያህል ስም ቢያገኙ ኖሮ ብዬ አንዳንዴ አስባለሁ።

መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ተመረቀ። በእንጨት ሥራ ይተዳደሩ ከነበሩት ሴቶች ከፊሎቹ በፓርኩ ሥራ እንዳገኙ በጊዜው ተነግሯል። በባሕር ዛፉ መካከልም የአገር በቀል ዛፎች እየተተከሉ ናቸው። ተራራው ዛሬ ንጹሕ አየር የሚሳብበት፣ ልጆች የሚቦርቁበት ሆኗል፤ ይህን የማይወድ የለም። ሥራ ያገኘችዋ ሴት ከዳገቱ ተገላግላለች። ሥራ ያላገኘችዋ ግን እንጨቱ ሲከለከል የዕለት ጉርሷም አብሮ ተከልክሏል። ተራራ ሲከለል ከተራራው ይኖሩ የነበሩት ቁጥራቸው ተለይቶ፣ ለእያንዳንዳቸው የሚተካ ገቢ ቀድሞ መዘጋጀት አለበት የምንለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። እንጨቱ ከቀረ በምን እናብስል? መልሱ መብራት ነው የሚል ብዙ ነው፤ በመሠረቱ እኛም እንስማማለን። የአገራችን ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውሃ የሚገኝ ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የህዳሴ ግድብም ከ5,000 ሜጋዋት በላይ የማመንጨት አቅም አለው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ያላት እናት ከጭስ ተገላግላለች፣ ዓይኗ አይለበለብም።

ነገር ግን ከግድቡ እስከ ምጣዱ ያለው መንገድ በአራዳ የሚያልፈው በጋራ ቆጣሪ በኩል ነው። ሰፊ ቦታ ልንሰጠው የፈለግነውም ይህ ጉዳይ ነው።

የኤሌክትሪክ ታሪፉ በደረጃ የተከፋፈለ መሆኑን ታውቃላችሁ። በወር ከ50 ኪሎዋት ሰዓት ያልበለጠ የሚጠቀም ቤተሰብ ዝቅተኛውን ዋጋ ይከፍላል፤ ፍጆታው ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ እያለ ይሄዳል። የታሰበው ለደሃው እንዲያግዝ፣ ብዙ የሚጠቀመው ብዙ እንዲከፍል ነው። ጥሩ ሐሳብ ነው። አሁን ግን በአንድ ግቢ ውስጥ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙ አምስት የቀበሌ ቤት ነዋሪዎችን እንውሰድ። እያንዳንዳቸው በወር 50 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ይጠቀማሉ እንበል። ለየብቻ ቆጣሪ ቢኖራቸው ሁሉም በዝቅተኛው ዋጋ በከፈሉ ነበር። ቆጣሪው ግን አንድ ነው፤ የሚያነበውም 250 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ለቆጣሪው አምስቱ ድሆች እንደ አንድ ባለጸጋ ይታዩታል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ ከፍ እንዲል ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ ልዩነቱ እየጎላ መጥቷል።

በዚህ ላይ የምጣዱን ነገር ጨምሩበት። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ተኩል ኪሎዋት ገደማ ይስባል። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በየቀኑ አንድ ሰዓት ተኩል ብንጋግር በወር ወደ 42 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፤ ይኸውም ዝቅተኛውን ደረጃ ለብቻው ሊጨርሰው ምንም አይቀረው። በጋራ ቆጣሪ ግቢ ውስጥ «ማን ምጣድ ጣደ?» የሚለው ጥያቄ ጎረቤት ከጎረቤት የሚያቃቅረው፣ አከራይም ለተከራይዋ «ምጣድ አይቻልም» የምትለው ለዚህ ነው። የተከለከለችዋ እናት ምን ታደርጋለች? ነጭ ጋዝ እንዳትገዛ ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ እየተነሣ ዋጋው ሰማይ ወጥቷል። ስለዚህ ወደ ከሰል ትመለሳለች። እንግዲህ የግድቡ ውሃ ወደ ምድጃዋ ሳይደርስ በቆጣሪው ላይ ቀረ ማለት ነው።

ከሰሉስ ከወዴት ይመጣል? እንጨት ተሸካሚዋን ቢያንስ በዓይናችን እናያት ነበር፤ የከሰሉን አገር ግን አናይም። ለአንድ ኪሎ ከሰል በተለመደው የአፈር ክምር አሠራር ከአምስት እስከ ዐሥር ኪሎ እንጨት ይነዳል። በስምጥ ሸለቆ የአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክን የቀድሞ ግራር ያየ ሰው ዛሬ ቢሄድ ምን ያህሉ በማዳበሪያ ተሞልቶ ወደ ከተማ እንደተጫነ መገመት አያቅተውም። እንጦጦን አጥረን ግራሩን ከነደድን ሒሳቡን ወደ ሌላ ሰው ደጅ አዛወርነው እንጂ አልከፈልነውም።

ከሰል ሁሉ ግን አንድ አይደለም። በአማራ ክልል በአዊ ዞን፣ በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬዎች «ዲከረንስ» የሚባለውን ዛፍ እንደ ሰብል ይዘሩታል። በመጀመሪያው ዓመት ከችግኙ ጋር ጤፍ ይዘራል፣ ቀጥሎ ሣሩ ለከብት ይታጨዳል፣ በአራትና በአምስት ዓመት ዛፉ ተቆርጦ ከሰል ይሆናል፤ ማሳውም አርፎ መልሶ ይዘራል። ከዚያ የሚመረተው ከሰል እስከ አዲስ አበባ ይደርሳል። ተፈጥሯዊው ደን ሳይነካ ገበሬውም ገንዘብ አገኘ። በቅርብ ዓመታት ግን ዛፉን የሚያደርቅ በሽታ ገብቶ ብዙዎችን ጎድቷል፤ ኑሮን በአንድ ዛፍ ላይ ብቻ ማቆም የሚያመጣው አደጋ ይህ ነው። እንዲያም ሆኖ የተተከለ ዛፍ ከሰልና ያልተተከለ ዛፍ ከሰል በአንድ ዓይን መታየት የለባቸውም። ከሻጭዋ ስትገዙ «የየት አገር ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ አትከስሩም፤ ብዙ ጊዜ ታውቀዋለች።

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ በተካሄደው የመልሶ ማልማት ሥራ ከሰፈራቸው ተነሥተው በከተማው ዳርቻ ወደሚገኙ ኮንዶሚኒየሞች የገቡ አንባቢዎቻችን ሌላ ጣጣ ገጥሟቸዋል። የራሳቸው ቆጣሪ አግኝተዋል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጓሮና ማድ ቤት ግን ቀርቷል። የከሰል ማንደጃው ከግቢ ወደ ሳሎን ገብቷል። እህቶቼ፣ በዚህ ላይ አደራ የምንላችሁ አለን። የከሰል ጢስ ሽታ የሌለው መርዝ አለው፤ ፍሙ ቀልቶ ጢሱ ሲጠፋ መርዙም የጠፋ ይመስላል፣ አልጠፋም። ልጆች የተኙበት፣ በርና መስኮቱ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ለሙቀት ብላችሁ ፍም አታሳድሩ። የክረምቱ ብርድ ቢያስቸግር ብርድ ልብስ ይደረብ።

በቤታችን በእጃችን ያለውንም እንመልከት። የኤሌክትሪክ ምጣድ እስኪግል ድረስም መብራት ይበላል። ስለዚህ በጋራ ቆጣሪ የምትኖሩ ሁለት ቤቶች በአንድ ቀን፣ በአንድ ምጣድ፣ አንዷ ስትጨርስ ሌላዋ ሳይቀዘቅዝ ብትቀጥል የሁለተኛው ማጋያ ይተርፋል፤ የጭቅጭቁም ግማሽ ይበርዳል። የመጨረሻዎቹን ሁለት እንጀራዎች ምጣዱን አጥፍታችሁ በቀረው ሙቀት መጋገር እንደሚቻል የሚያውቁ ያውቁታል። ሽምብራና ባቄላ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ቢያድር ንፍሮው በግማሽ ሰዓት ይቀድማል። ድስት ሳይከደን አይጣድ። ቡናው ከወረደ በኋላ የቀረውን ፍም በክዳን ባለው ቆርቆሮ አፍኖ ማጥፋት ለነገ ከሰል ያተርፋል፤ ብዙዎቻችን ግን አመድ እስኪሆን እያየነው እንቀመጣለን። ጨዋታው ስለሚጥም ነው እንጂ ለፍሙ ብለን አይደለም።

ይህ ሁሉ ግን የቆጣሪውን ጥያቄ አይመልሰውም። በድስት ክዳን የሚተርፈውን በታሪፍ ደረጃ የሚወስዱባችሁ ከሆነ እናቶችን ቆጥቡ ብሎ መምከር ብቻውን ፌዝ ይሆናል። ለየቤቱ ቆጣሪ እስኪገባ ድረስ አንድ ቆጣሪ የሚጋሩ አባወራዎችና እማወራዎች ቁጥራቸው ተመዝግቦ ፍጆታው በእነርሱ ቁጥር ተካፍሎ እንዲታሰብ ማድረግ ከባድ ሥራ አይመስለንም፤ ወረዳው የነዋሪዎቹን ዝርዝር ይዟል፣ የመብራት መሥሪያ ቤቱም ቆጣሪውን ያውቀዋል። ሁለቱ መዝገቦች በአንድ ጠረጴዛ ላይ መገናኘት ነው የቀራቸው።

በጋራ ቆጣሪ የምትኖሩ አንባቢያን የየወሩን ደረሰኝ ለማን እንደምታካፍሉ፣ ምጣድ ያላት ምን ያህል፣ የሌላት ምን ያህል እንደምትከፍል፣ የተስማማችሁበት መላ ካለም ያንን ጻፉልን። በግቢያችሁ ስንት ቤት አንድ ቆጣሪ እንደሚጋራ መጥቀስ አትርሱ። የደረሱንን መልሶች በዚሁ ዓምድ እናወጣቸዋለን።